የእማማ የካርቶን እግር

«እማማ እኮ ፋብሪካ ሆነው አረፉት» ብሎ አባወራው ሳቁን ሲለቀው ሚስቱ መምህርቷም ሳቀች፣ ልጃቸውም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ ግን የሳቀችው የመምህርቷ እናት፣ ራሷ እማማ ነበረች። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አራት የካርቶን እግሮች ተለጥፈዋል። የአባትየው መካከለኛ ነው፣ የመምህርቷ ከእሱ ትንሽ አጠር ይላል፣ የልጅቷም ለዕድሜዋ የሚመጥን ነው። የእማማ እግር ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ተነስቶ የመብራት ማብሪያውን አልፎ ሄዷል፤ እግር ከሚባል አካፋ ቢባል ይቀላል። እማማ ምርኩዟን ተደግፋ አጠገቡ ቆመች፤ ነጠላ ጫማ ያጠለቀችውን የራሷን ትንሽዬ እግር አየት አደረገችና «ለዚህኛው ጫማ ከየት ልታመጡልኝ ነው?» አለች። ቤቱ እንደገና በሳቅ ተናጋ። ጨዋታ አዋቂ ናት ተባለ። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ የሷ በር ቀን ቀን ተዘግቶ እንደማያውቅ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። መምህርቷ ሳይንስ ነው የምታስተምረው። በዚህ ዓመት ተማሪዎቿ ቤታቸው ውስጥ የሚኖረው እያንዳንዱ ሰው በምድር ላይ የሚያሳርፈውን ጫና እንዲለኩ አዘዘቻቸው። አንድ ባልዲ ውሃ የፈጀ ሰው የካርቶን እግሩ በአንድ ጣት ይረዝማል፤ ማሞቂያ የለኮሰም፣ መብራት አብርቶ ያደረም፣ መኪና የተሳፈረም፣ ላስቲክ የጣለም እንዲሁ ጣት በጣት ይጨመርለታል። ሌሎቹ አስተማሪዎች የቤቱ ፍጆታ በጥቅሉ ቢለካ ይበቃል ብለዋት ነበር። እሷ ግን «ቤት ማለት እኮ ማንም ማለት ነው፤ የማንም የሆነ ነገር ደግሞ ማንንም አይቆረቁረውም» ብላ ለያንዳንዱ ሰው የየራሱን እግር አስቆረጠች። በዚህ ሐሳቧ ስትኮራ ለጉድ ነው። በራሷ ቤት ልኬቱን የያዘችው ልጇ ናት፤ ልጅቷም የዚያው ክፍል ተማሪ ናትና። ባልዲ ይዛ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ስትገተር፣ የቆሻሻ ከረጢት ፈትታ ስትበረብር አባቷ አየና «ተቆጣጣሪዋ» የሚል ስም አወጣላት።

ተቆጣጣሪዋ አታዳላም፤ ሕጉ ግን ያዳላ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ናፍጣ ሲያጨስ ይውላል። እሱን ልትቆጥርበት ብትሞክር «የሥራ ነው የኔ እመቤት፤ የሱ ጭስ የሚቆጠረው በባለ ዕቃው ነው» አላት፤ እናቷም «ልክ ነው» አለች። መምህርቷ የምታስባዛው የወረቀት መዓትም በትምህርት ቤቱ ላይ ተላከከ። የልጅቷ የደንብ ልብስ እጥበት ሳይቀር የትምህርት ነው ተብሎ ታለፈ። እማማ ሥራ የላትም። ስለዚህ እንዳትወድቅ ሌሊቱን በርቶ የሚያድረው መብራት፣ ለቁርጥማቷ የሚለኮሰው ማሞቂያ፣ ሽንት ስለሚያመልጣት በየቀኑ የሚታጠበው አንሶላ፣ የምትጥለው ዳይፐር፣ ወደ ክሊኒክ የምትመላለስበት ታክሲ፣ ሁሉም በስሟ ገባ። ሥራ ያለው ሰው ጭሱን የሚያሸክመው ሌላ ሰው አያጣም። ከቤት የማትወጣው አሮጊት ግን የራሷን ሁሉ ራሷ ተሸከመች። መምህርቷ ይህን አላየችም ማለት አይቻልም። አይታለች፤ አይታ «ልኬት ልኬት ነው» ብላ አልፋዋለች።

ዛሬ ተማሪዎቹ ኮሪደር ላይ ከተለጠፈው ከመጀመሪያው ልኬት ወዲህ ምን ያህል እንደቀነሱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሚታይበት ቀን ነው። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር ይመጣል፤ ይበልጥ ለቀነሰ ቤተሰብ ሽልማት አለ። መምህርቷ ማልዳ ተነሳች፣ ሸሚዟን ተኮሰች፤ ካውያው በማን እንደሚቆጠር አላሰበችም። ልጅቷ አዲሶቹን እግሮች በጋዜጣ ጠቅልላ ቀድማ ወጥታለች፤ ማንም እንዲያያቸው አልፈቀደችም። መምህርቷ ሻይና ዳቦ ይዛ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። ሰሞኑን ጥድፊያው ስለበዛባት የዚህን ክፍል ነገር ለልጅቷ ትታዋለች፤ የውሃውን ጆግ የምትሞላው፣ አንሶላውን ወደ ማጠቢያ ማሽኑ የምታመጣው ልጅቷ ናት፤ ለልኬቱም ይመቻታል ተብሎ ነው። ክፍሉ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ከያዘ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ እናቷ ከሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«በጨለማ ምን ትሠሪያለሽ፣ እማዬ?»

«ዓይኔን ላሳርፈው ብዬ ነው። መብራቱ ይወጋኛል።»

«ማሞቂያውስ?»

«ሞቆኛል። እስቲ ንኪኝ።»

መምህርቷ ግንባሯን ነካቻት። እውነትም ትሞቃለች፤ እንዲያውም ትፋጃለች። ደስ አላት፤ በዚህ ብርድ እናቷ ሳይበርዳት ማደሯ እፎይ አሰኛት። ክፍሉ ውስጥ የሕፃናት ፓውደር ሽታ አለ፤ ጣሳው ሙሉ የተደፋ ይመስላል። ከፓውደሩ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ ያለ መሰላት፤ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ከሥራ ስመለስ ክፍሉን እገለባብጠዋለሁ ስትል ለራሷ ቃል ገባች። ሻዩን ልታቀብላት ስትል እናቷ «አስቀምጪው፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጣፍጠኝ» አለች። በዕድሜዋ ቀዝቃዛ ሻይ ሲቀርብላት ቤት የምታምስ ሴት ናት። መምህርቷ ይህን አስታውሳ ልትስቅ ፈለገች፤ ግን ሰዓቷን አየች።

«ልጅቷ ታሸንፋለች?» አለች እናቷ። አፏ የደረቀ ይመስል ቃላቱ እየተጣበቁ ነው የሚወጡት።

«ዳኛው ሱፐርቫይዘሩ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«የኔ እግር ትንሽ ሆናለች አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«ተቆጣጣሪዋ ናታ» አለችና ፈገግ አለች። ከንፈሯ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። «በይ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ። በሩን ዝጊልኝ።»

መምህርቷ ጎንበስ ብላ ሳመቻትና በሩን ዘግታላት ወጣች።

አዳራሹ የሙጫና የአዲስ ካርቶን ሽታ ይዟል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ የካርቶን እግሮቹ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል፤ ትልቁም ትንሹም በነፋሱ ሲወዛወዝ ባለቤቱ ጥሎት የሸሸ እግር ይመስላል። ሱፐርቫይዘሩ አንገተ ወፍራም፣ ሳቅ የማይነፍግ ሰው ነው። እያንዳንዱ ልጅ ፊት እየቆመ ይጠይቃል፣ ትከሻ ይመታል። በጣም ያነሱ እግሮች የተሰቀሉለት አንድ ልጅ ፊት ደርሶ «ጎበዝ፣ ውሃውን እንዴት አድርጋችሁ ነው የቆጠባችሁት?» ቢለው ልጁ «አልመጣም» አለው። ሱፐርቫይዘሩ ሳቀና «ምኑ?» አለ። «ውሃው። እኛ ሰፈር ሰሞኑን አልመጣም።» ተማሪው ሁሉ አውካካ። መምህርቷም ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ገመዱ መለሰች። ያን ጊዜ ነው ገመዱ ላይ «እማማ» የሚል የተጻፈበትን እግር ያየችው። ያ አካፋ የሚያህለው ነገር ጠፍቶ በቦታው የሕፃን ጫማ የምታህል ቁራጭ ካርቶን ተንጠልጥላለች። መምህርቷ መጀመሪያ የተሰማት ኩራት ነበር፤ እንዲህ የቀነሰ በክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ወዲያው ግን ነገሩ እንደማይሆን ሆነባት። ሰው እንዲህ አይቀንስም።

ሱፐርቫይዘሩ ልጇ ፊት ቆመ። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ትናንት ማታ መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ነበር።

«መጀመሪያ እማማ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። አሁን ከኔም አነሰች። ማሞቂያውን ተወች። መብራትም ተወች፤ ሌሊት ግድግዳውን እየዳሰሰች ነው የምትሄደው። ውሃ በጆግ ነበር የማመጣላት፣ አሁን ከንፈሬን ካራስኩ ይበቃኛል ትላለች። ብዙ ካልጠጣች ብዙ አይመጣባትም። ካልመጣባት አንሶላው አይታጠብም፣ ዳይፐሩም አይጣልም። ሁሉም ነገር ይያያዛል።»

«ሁሉም ነገር ይያያዛል» የመምህርቷ የራሷ አባባል ናት። ስለ ዛፍና ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንዝና ስለ ዓሣ ስታስተምር እየደጋገመች የምትላት። ልጅቷ ቃል በቃል፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ አመጣቻት።

«አያችሁ?» አለ ሱፐርቫይዘሩ ወደ አዳራሹ ዞሮ። «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው። እኚህ እናት በዚህ ዕድሜያቸው ለምድር ያሰቡትን ያህል እኛ ብናስብ የት በደረስን። እስቲ ለእማማ ሞቅ ያለ ጭብጨባ።» አዳራሹ አጨበጨበ። ለልጅቷ የሚያብረቀርቅ የብረት የውሃ ኮዳ ተሰጣት፤ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንዳትገዛ ነው ተባለ። መምህርቷ አላጨበጨበችም። እጇ ላይ የቀረ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ነበር፤ እሱን እየከፈተችና እየዘጋች በጭብጨባው መሐል አልፋ ልጇ አጠገብ ደረሰች፤ ጎንበስ ብላም በጆሮዋ ጠየቀቻት።

«አንሶላው ካልታጠበ የት ነው ያለው?»

ልጅቷ ኮዳውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ትምህርት ቤት ውስጥ እናቷን እንደሌሎቹ «ቲቸር» ነው የምትላት። «ለቲቸር አትንገሪ ብላኛለች» አለች።

«ንገሪኝ።»

«ፍራሹ ሥር ታደርገዋለች። ሲደርቅ መልሳ ታነጥፈዋለች። ዳይፐሩንም ታደርቀዋለች። አንደኛ እንድትወጪልኝ ነው አለችኝ።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ደግሞ ለእናትሽም ይቀላታል አለችኝ።»

መምህርቷ ልጇን ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የምትቆጣበት ነገር አጣች። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው፤ ለክታለች፣ አልዋሸችም፣ አላዳላችም። መቆንጠጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ለባልደረባዋ «ልጄን አደራ» አለችና ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። መንገድ ላይ ታክሲው በየፌርማታው ሰው ሲያወርድና ሲጭን ከመቀመጫዋ ብድግ ቁጭ አለች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። «እናቴ ውሃ ጠምቷታል» አለች መምህርቷ። ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በሩን ከፍታ ስትገባ ቤቱ ጭር ብሏል። ሻዩ እንደተቀመጠ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ነገር ጋርዶታል። መጋረጃውን ስትገልጠው ክፍሉ የደበቀውን ሁሉ አወጣው። ማሞቂያው ከተነቀለ ቆይቷል፤ አቧራ ለብሷል። በቀዝቃዛው ብረት ላይ ሁለት ዳይፐሮች እንደ ፎጣ ተዘርግተው ደርቀዋል፤ ዳር ዳራቸው በጥንቃቄ ታጥፏል። ፍራሹን ከፍ ስታደርገው አንሶላዎቹ ተጣጥፈው ተደርድረዋል፤ እናቷ ዕድሜ ልኳን ልብስ ስታጥፍ ማዕዘን ለማዕዘን ነው፣ አሁንም አላዛነፈችም። ያ ጠዋት ምንነቱን ያጣችው ሽታ እዚያ ነበር። እናቷ ግድግዳው ጥግ ተኮራምታ፣ ካፖርቷን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ታቃስታለች። ቆዳዋን ቆንጠጥ ስታደርገው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ያ ጠዋት ደስ ያሰኛት ሙቀት አሁን እጇን አቃጠለው። መምህርቷ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እንደ ልጅ አለቀሰች፤ ግን ብዙ ማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም።

«እማዬ፣ ተነሽ። ውሃ ጠጪ።»

እናቷ ዓይኗን ገለጠችና ትክ ብላ አየቻት። «የኔ እህት፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አለቻት በጨዋ ደንብ። «ልጄ የለችም። አስተማሪ ናት፤ ዛሬ ትልቅ ቀን አለባት።»

ከሦስተኛ ፎቅ በጀርባው ተሸክሞ ያወረዳት ምድር ቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ ነው፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መለኪያ ሜትር ሳያወልቅ ነው የሮጠው። «እሳቸው እኮ አይከብዱም» አለ ደረጃው ላይ፤ ለማጽናናት ያለው ነበር። ታክሲው በር ላይ እናቷ ምርኩዝ እንደያዘች ሁሉ እጇን ዘርግታ አሻፈረኝ አለች። «በእግሬ እሄዳለሁ። ታክሲው በኔ ነው የሚቆጠረው» አለች። ልብስ ሰፊው ምን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ መምህርቷን አያት። መምህርቷ ዓይኗን ሰበረች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር ወረቀቱን እንጂ ሰው አያይም። ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገብቷል አለ፤ ኩላሊቷም ሥራ አቁሟል፤ ልቧ የደከመ ስለሆነ ግሉኮሱን ቶሎ ቶሎ ሊሰጣት አይችልም። «ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ሲል ጠየቀ።

«ከኔ ጋር።»

«አንድ ቤት?»

«አንድ ቤት።»

ሐኪሙ የዚህን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሊወቅሳት የፈለገ ይመስል ነበር፤ ፊቷን ሲያየው ተወው። «ለቤተሰቡ ቢነግሩ ጥሩ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዲመጡ።»

ቤተሰቡ የተባለው ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ሁለት ነው። ሹፌሩ ጭነቱን መንገድ ላይ ትቶ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ይዟት መጣ። ቆቡን አውልቆ አልጋው እግርጌ ቆመ። ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው ነው፤ ሚስቱ እንዲህ አፉ ሲያያዝ አይታው አታውቅም። «እማማ» አለና ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ሳበላት። ያ «ፋብሪካ» ያላት ነገር ወሬውን ከሰማ ጀምሮ ሲከነክነው እንደዋለ ሚስቱ ከፊቱ አነበበችው። ልታጽናናው አልቻለችም፤ እሷም ስቃለች። የሦስታቸውም ሳቅ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ እኩል ነበር። ሊቆጠር ቢባል የእሷ ይበልጣል፤ ልኬቱን ያመጣችው እሷ ናትና። እናቷ አሳድጋታለች፣ አስተምራታለች፣ የልጇንም ሽንት ጨርቅ በእጇ አጥባላታለች፤ የዚያን ሁሉ ባልዲ ውሃ በማንም ላይ አልቆጠረችም።

የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የግሉኮሱን ላስቲክ ታበራዋለች። እናቷ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። «ይሄ ላስቲክ ሲያልቅ ይጣላል?» አለች። ነርሷ «አዎ እማማ» ብትላት ፊቷን አጨማደደች። ነርሷ ከንፈራቸውን አርጥቡላቸው ብላ ወጣች። ልጅቷ እስካሁን ከእቅፏ ያልወረደውን ኮዳ ይዛ ሮጠች፣ ከኮሪደሩ ቧንቧ ሞልታው ተመለሰች። እስካሁን አላለቀሰችም። በዚህ አልጋና በኮዳው መካከል ያለው ነገር ገና እየገባት ነው፤ ገብቷት ሲያበቃ ዕድሜ ልኳን እንደማይለቃት መምህርቷ አወቀች። ከልጇ እጅ ተቀብላ የእናቷን ራስ በክንዷ ደገፍ አደረገችና የኮዳውን አፍ ከንፈሯ ላይ አስጠጋችው።

«እማዬ፣ ጠጪልኝ። ትንሽ ብቻ።»

እናቷ አየቻት። ሰው አክባሪ ናት፤ የማታውቃትን ሴት ላለማስቀየም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«የኔ እህት፣ ይሄ ውሃ በማን ነው የሚቆጠረው?»

መምህርቷ ብዙ ነገር ማለት ትችል ነበር፤ አይቆጠርም፣ ሕጉ ስህተት ነበር፣ ሁሉን ቀድጄ ጥዬዋለሁ ማለት ትችል ነበር። በዚያች ሰዓት የመጣላት ግን ከሁሉም እውነት የመሰላት ነው።

«በልጅሽ» አለች። «በአስተማሪዋ ነው የሚቆጠረው።»

አሮጊቷ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። «በእሷስ አትቁጠሩባት» አለች። «ልጄ ብዙ አለባት።» ከንፈሯንም ግጥም አደረገችው። ውሃው በአገጯ ወርዶ ንጹሑን አንሶላ አራሰው።